ፍሪጅ የሚያልበው በክረምት ነው

ከካሳዬ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የገዛ ቤታችንን ፍሪጅ ማድረቅ ነበር። ሐምሌ ነው። መርሳ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች፤ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሣል። እንዲህ ያለ ቀን በእኛ ሙያ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ሱቅ ከመክፈታችን በፊት እሱ መደርደሪያዎቹን እያወጣ ያቀብለኛል፣ እኔ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እጠርጋለሁ። ከፍሪጁ የሚወጣውን ዕቃ አንድ በአንድ እያነሣ «ይሄ የማን ነው?» ይላል። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ልጆቻችን ሩቅ ናቸው። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን መጠየቁን አይተውም።

«የዘሃራ ነው» አልኩት። ዘሃራ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊኗ ከእኛ ቤት ይቀመጣል።

«ይሄስ?»

«የኔ ሎሚ።»

«ይቺስ?» በሳህን የተከደነች ግማሽ ፓፓያ ይዟል።

«የማንም አይደለችም፤ ብላት» አልኩት።

ቆሞ በማንኪያ በላት። መደርደሪያዎቹን መለሰ፣ በሩን ዘጋ፣ የእጁን ጀርባ የፍሪጁ ጎን ላይ አሳርፎ ሞተሩ እስኪነሣ ጠበቀ። ከዚያ ሱቅ ከፈትን። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት የተገለበጠ ሣጥን ላይ ወደቀ። በአምቡላንስ ወደ ወልድያ ይዘነው ስንሄድ መንገድ ላይ አለፈ።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን ጥቂት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ። ሱቁን ከዘጋሁ በኋላም ሴቶች እየመጡ ፍሪጃቸው ውሃ አፈሰሰ፣ ጋሽ ካሳዬ ምን ነበር የሚያደርጉት ይሉኛል። ለእነሱ መልስ ልጽፍ ብዬ ጀመርኩት፤ እየቆየ ግን ስለ ሥራ ዘመናችን ሁሉ ሆነ።

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስቀመጥ፣ አባቴ የሚያውቋቸው አንድ ሰው የማቀዝቀዣ ጥገና ቤት ነበራቸውና ደረሰኝ እንድቆርጥ ቀጠሩኝ። ስለ ደመወዙ ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ባለቤቱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ለሁሉም ፍሪጅ አንድ መልስ ነበራቸው። አልቀዘቀዘም ቢሏቸው ጋዝ አልቋል፣ ጮኸ ቢሏቸው ጋዝ አልቋል፣ ክረምት ገብቶ ውሃ አፈሰሰ ቢሏቸውም ጋዝ አልቋል። እኔም ያንኑ እጽፋለሁ።

ካሳዬ እዚያ ቤት ጠጋኝ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከንፈሩን እየነከሰ የሚያስብ ሰው። ያላበው ፍሪጅ ሲመጣለት ጋዙን አይነካም። በሩን ከፍቶ ውስጡን እስከ ጥጉ ድረስ በደረቅ ጨርቅ ያደርቀዋል። ከዚያ ሶፍት ይቆርጥና አንዱን ከላይኛው መደርደሪያ፣ አንዱን ከበሩ ጎማ ሥር፣ አንዱን ከኋላው ግድግዳ ግርጌ፣ አንዱን ከአትክልት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ይዘጋዋል። ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል፤ ሻይ ያዝዛል። ቆይቶ ሲከፍተው የትኛው ሶፍት ቀድሞ እንደራሰ ያያል። የበሩ ጎማ ሥር ያለው ከራሰ የውጭው እርጥብ አየር በዚያ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። የኋላው ከራሰ፣ በግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ተደፍኗል፤ የቃሪያ ፍሬ ወይም የጎመን ቅጠል ነው ብዙ ጊዜ የሚደፍነው። ሁሉም እኩል ከራሱ ግን ፍሪጁ ምንም አልሆነም፤ ሰው ትኩስ ድስት ከቶበታል።

ቀዳዳውን የሚጠርገው በዶሮ ላባ ነበር። ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል ይላል። ኋላ መርሳ ከገባን በኋላ አንዲት አሮጊት በፍልሰታ ጾም ላባውን ይዞ ሲገባ አይተው «አንተ ካሳዬ፣ ጾሙ እስኪፈታ እንኳ መታገሥ አቃተህ?» ብለውት የቤቱ ሰው ሁሉ ስቋል። ከዚያ ወዲህ በጾም ላባውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር የሚይዘው።

የወልድያው ባለቤት ይህ አሠራሩ አልጣማቸውም። ደንበኛ ፊት ሶፍት ትጨርስብኛለህ አሉት። እሱ ወሩ ሲያልቅ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ቀድሞ ለእኔ ነግሮኝ ነበር። በዚያው ዓመት ተጋባንና መርሳ ወርደን ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን።

መርሳ ከወልድያ ይልቅ ትሞቃለች። በጋውን ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲል ፍሪጁን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል፤ ያኔ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ችግር የለውም። ክረምት ሲገባ ግን ያው በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባው አየር ውሃ የተሸከመ ነው። ቅዝቃዜው ሲያገኘው ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ፍሪጅ በስንት ልፋት የተገዛ ዕቃ ነው፤ ሞተ ብሎ ነው የሚያስበው። ሐምሌና ነሐሴ የሱቃችን በር ከጠዋት ጀምሮ ሰው አያጣም ነበር። እኔም ሰማዩ ሲጠቁር ጨርቅና ሶፍት አዘጋጃለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተወኝም።

እኔ ከደረሰኝ ወደ መፍቻ የተሻገርኩት ግራና በምትባል ጎረቤት ከተማ ነው። አንዲት ወይዘሮ ፍሪጃቸው በየሳምንቱ ያልበዋል። ካሳዬ ደጋግሞ ሄደ። ሲያደርቀው ይደርቃል፣ ሶፍቱ አይርስም፣ ጎማው ደህና ነው፣ ቀዳዳው ደህና ነው። እሱ ወጥቶ ሲሄድ ተመልሶ ያልበዋል። ሴትዮዋ በመጨረሻ ፍሪጁ አንተን ይፈራሃል አሉት። ሲመለስ ራቱን አልበላም፤ ያን ቀን ከንፈሩን ሲነክስ አመሸ። በማግሥቱ እኔም ልሂድ አልኩት።

ገብቼ ቁጭ አልኩ። ፍሪጁ ሳሎን ነው ያለው፤ ከላዩ ላይ ሴትዮዋ በእጃቸው የሠሩት ሰፊ ዳንቴል ተነጥፎበታል፤ ጫፉ በሦስቱም ጎን ይወርዳል። ዳንቴል እሠራ ስለነበር ዓይኔ ሥራው ላይ አረፈ። ሴትዮዋ ቅቤ ሊያወጡ በሩን ከፍተው ዘጉት፤ የዳንቴሉ ጫፍ ከበሩና ከጎማው መካከል ገብቶ ተያዘ። እርጥብ አየር በዚያ ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ይገባል። ለካ ካሳዬ በመጣ ቁጥር የሴት እጅ ሥራ እንዳላቆሽሽ ብሎ አስቀድሞ ዳንቴሉን አጣጥፎ አልጋ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሲጨርስ ይሄዳል፤ እሳቸው መልሰው ያነጥፉታል። በአክብሮቱ ምክንያት በሽታውን አይቶት አያውቅም።

ስነግረው ሣቀ። ሣቁን የማስታውሰው እንደዚያ ቀን አድርጌ ነው፤ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቶቹ የምገባው እኔ ሆንኩ። የቤቱ ባል ካልኖረ እሱ ደጅ ይቆማል፣ እኔ እገባለሁ። መጀመሪያ ሴቲቱ እንዴት እንደምትከፍት፣ ምን እንደምትከት፣ ምን እንደምትከድን አያለሁ። የማላውቀውን ወጥቼ እጠይቀዋለሁ። የፍሪጁን የፊት እግሮች ጥቂት ከፍ አድርጎ በሩ በራሱ እንዲዘጋ ማድረግን፣ የሻገተ ጎማ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ማጠብን፣ የተጣመመውን በትኩስ ፎጣ አሙቆ ማቃናትን፣ በሩ ላይ ወረቀት አስይዞ መሳብን ያስተማረኝ እሱ ነው። ወረቀቱ ካልያዘ ጎማው አይዝም። ሲያስተምር ብዙ አይናገርም፤ እጄን ይዞ ቦታው ላይ ያሳርፈዋል።

በሰፈራችን ፍሪጅ ያለው ሰው ፍሪጁ የብቻው አይደለም። የአንዱ ጎረቤት እርድ ለሌላው ስለማይሆን የክርስቲያኑ ሥጋ አንድ ቤት፣ የሙስሊሙ ሥጋ ሌላ ቤት ይቀመጣል። ግን የታመመ ሰው መድኃኒት፣ የአራስ ልጅ ወተት፣ የጾም ምግብ ይዞ የሚመጣ አለ። ፍሪጅ ሲያልበው ከላይ ያለው ከታች ባለው ላይ ይንጠባጠባል። ውሃ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጠብታው በምን ላይ አልፎ በምን ላይ እንደወረደ ጠይቃ ምግቧን የደፋች ሴት አውቃለሁ፤ ልክ ናት። ስለዚህ ሥጋና ወተት ከታች፣ የጾሙ ከላይ፣ ሁሉም ተከድኖ ብለን እንነግራቸው ነበር። ይህን የሚያህል የሰው እምነት በአንድ ሣጥን ውስጥ አለ፤ እኛ የምንነካው ሣጥኑን ብቻ እየመሰለን ቆየን።

ወደ ደሴ መንገድ ላይ ባለችው ውርጌሳ ያወቅነው ይህን ነው።

ጋሽ ይማም ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ነሐሴ ላይ ፍሪጃቸው አልቦት ወለሉ ድረስ ውሃ ያፈሳል ተብሎ ተጠራን። እኔ ያን ቀን ግራና ሥራ ይዤ ነበርና ካሳዬ ብቻውን ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ በሩን ከፍተውለት ወደ ገበያ ወጡ፤ ጋሽ ይማም መጋረጃው ጀርባ ጋደም ብለው ነበር። ዕቃውን አወጣ፣ አደረቀ፣ ሶፍቱን አስቀመጠ። ጎማው አርጅቶ ተሰንጥቋል፤ አዲስ ጎማ የሚገኘው ደሴ ነው። እስኪመጣ ድረስ ውሃው እንዳያስቸግራቸው ብሎ የቅዝቃዜውን ቁጥር እስከ ጫፍ አዞረው። ውሃው ኋላው ግድግዳ ላይ በረዶ ሆኖ ይያዛል፤ አያፈስም። ከዚያ ዕቃውን ሁሉ ቀድሞ እንደነበረበት፣ አንዱንም ሳያዛንፍ መለሰ። በእንዲህ ያለው ነገር ጥንቁቅ ነበር።

ከዕቃዎቹ አንዱ በጥቁር ፌስታል የታሰረ፣ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተቀመጠ ነገር ነበር። የጋሽ ይማም ኢንሱሊን ነው። ቀዘቀዘ፣ በረዶ ሆነ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀለጠ። ቀልጦ ሲታይ ያው ነው፤ ይፈሳል፣ ቀለሙም አልተለወጠም። እሳቸው በየቀኑ ይወጉታል፤ መድኃኒቱ ግን ሞቷል። ስኳሩ ወጥቶ ራሳቸውን ሳቱና ደሴ ተወሰዱ። በሕይወት ተመለሱ፤ ዓይናቸው ግን ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አላነበበም። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን እንደማይሠራ የነገሩን የሕክምና ባለሙያዎቹ ናቸው።

ጎማው ከደሴ በመጣ ጊዜ አብረን ሄድን። ካሳዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። ጋሽ ይማም ድምፁን ሰምተው ግባ አሉት። ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት።

«ልጄ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ እኮ፤ መጋረጃው ጀርባ። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

 ካሳዬ ጎማውን ገጠመ።  ከዚያ በኋላ የማንንም ፍሪጅ ሲከፍት መጀመሪያ የሚናገረው «ውስጥ ያለው የማን ነው?» የሚለውን ነው። ዕቃ እያነሣ አንድ በአንድ ይጠይቃል። የሚሰለቻቸው ነበሩ። ፍሪጅ ልታክም ነው ወይስ ልትመረምረን ብለው የሚያሾፉበት ነበሩ። እሱ ግን ቀጣዩን ዕቃ ያነሣል። ወደ ደሴ በሄደ ቁጥር ውርጌሳ ወርዶ ጋሽ ይማምን ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር። ዘሃራ የስኳር መድኃኒቷን የምታስቀምጥበት ስታጣም እኛ ቤት ይሁን ያለው እሱ ነው። እኔ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን እዚህ ከሆነ አየዋለሁ አለ።

በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ በቆየባቸው ወራት የዘሃራን መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ አድርጎ ከአልጋው ሥር ያኖረው ነበር። ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ተነሥቶ ያርሰዋል። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ።

ካሳዬን ቀብረን ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ሣልስቱ አልወጣም። ደጅ ድንኳን ተጥሏል፤ ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ እዝን ይዞ ይገባል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ። ሙስሊሞቹ ሁሉም ይብላው ብለው ሥጋ ያልነካው ይዘው መጥተዋል። የተረፈውን እንዳይበላሽ ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል። ከድስቱ ላይ እንፋሎቱ ሳይበርድ።

ፍሪጃችን ሳሎን ነው፤ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከላዩ ላይ የካሳዬን ፎቶ አቁመውታል፤ ከፎቶው ሥር ጥቁር ጨርቅ አንጥፈዋል። እኔ ግን የምሰማው ሞተሩን ነው። ሞተር ሲነሣ ይሠራል፣ ይቆማል፣ ያርፋል። ያ ሞተር ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ለቀስተኛው ያለቅሳል፣ ስሙን እየጠራ ሙሾ ያወርዳል፤ እኔ በመካከሉ ሞተሩን አዳምጣለሁ። ዝም በል፣ አሁን ቁም፣ እለዋለሁ በሆዴ። አይቆምም። ከፍሪጁ ሥር ውሃ ወጥቶ የምንጣፉን ጫፍ አርሶታል።

ልጆቻችን ገና መንገድ ላይ ስለነበሩ የካሳዬ እህት ጥሩነሽ ከወልድያ መጥታ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ጠርቼ በጆሮዋ ፍሪጁ ምን ሆኖ ነው አልኳት። አታስቢ እትዬ፣ ውሃ ሲያፈስ ጊዜ አቅም ያነሰው መስሎኝ ቁጥሩን እስከ መጨረሻ አዙሬዋለሁ፣ አሁን በደንብ ይሠራል አለችኝ። ስለ እኔ ብላ ነው። የዘሃራ ኢንሱሊን ግን እዚያ ውስጥ ነው።

ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥቶ ሥራ አይሠራም። ያውም የገዛ ባሏን ቀብራ ሣልስቱ ሳይወጣ። ውሃ እንኳ ያመጡላታል እንጂ አትነሣም።  አንዷን ልላክ ብዬ አሰብኩ፤ ምን ብዬ? ማን ያውቅልኛል? ከጓዳ የዘሃራ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሰሐን ታጥባለች። ጠዋት ከዚያ ፍሪጅ አውጥታ ተወግታለች፤ ማታም ልትወጋ ነው።

ተነሣሁ።

 ከሴቶቹ አንዷ ያዙአት አለች፤ አእምሮዬን የሳትኩ መስሏት። ወደ ፍሪጁ ሄድኩ። የጥቁሩ ጨርቅ ጫፍ በሩ ውስጥ ገብቶ ተይዟል፤ ልክ እንደ ግራናው ዳንቴል። የካሳዬን ፎቶ አነሣሁና ለጥሩነሽ ሰጠኋት። ጨርቁን ሳብኩት። እርጥብ ነበር።

«ምን ማድረግሽ ነው እትዬ?» አለች ጥሩነሽ፤ ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ።

«ያዢልኝ» አልኳት።

በሩን ስከፍት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ከላይ እስከ ታች ድስት ነው። ክዳን የሌለው አለ። አንድ ትልቅ ድስት በሩ እንዳይገጥም ይገፋዋል። ፊት ለፊት የነበረውን የዘሃራን መድኃኒት ለድስቶቹ ቦታ ለማስለቀቅ ወደ ኋላ ገፍተውታል። እጄን ሰድጄ ስይዘው ካርቶኑ ከበረዶው ጋር ተጣብቋል። ላቅቄ አወጣሁት። ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አዘነበልኳት። ይፈሳል። በረዶ ሆኖ ቀልጦ ይሁን፣ ጭራሽ በረዶ ሳይነካው ቀርቶ ይሁን፣ በዓይን የሚለይ ነገር የለም።

ዘሃራ እጇን በጉርዷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ነገሩ ገባት። ጠርሙሷን ከእጄ ወስዳ እሷም አዘነበለቻት።

«ይኸው ይፈሳል እኮ እትዬ ወርቄ። ደህና ነው፣ ወላሂ ደህና ነው። አንቺ ተቀመጪ።»

ለእኔ አስባ ነው የምትለው። ለቅሶ ቤት ውስጥ የእሷ ነገር እንዳይነሣ ፈልጋለች። እኔም ጠርሙሷን እያየሁ ምናልባት ደህና ነው አልኩ በሆዴ። መርሳ ላይ መድኃኒቱ ጠፍቶ ነበር፤ ብታጣስ? የማይገኝ ነገር ላስጥላት? ካሳዬ ቢኖር ይወስን ነበር። እሱ ፎቶው ውስጥ በጥሩነሽ ደረት ላይ ነው።

ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከውርጌሳ ወይዘሮ ፋጡማ እጃቸውን ይዘው ያመጧቸው ጋሽ ይማም ናቸው፤ ብርዱ እንዳይጎዳቸው ከድንኳኑ አስነሥተው ውስጥ አስቀምጠዋቸው ነበር። ዓይናቸው አያይም፤ ግን ሁሉን ሰምተዋል።

«ልጄ ዘሃራ» አሉ። «የኔም ይፈስ ነበር። ጣዪው።»

 ዘሃራ ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ከላይዋ አነሣች።

ጥሩነሽ ፎቶውን ለወይዘሮ ፋጡማ አስያዘች። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወዴት ብለው ሲጠይቋት እኔ አዞርኩት፣ እኔ አመጣዋለሁ አለች። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ሄደች። ዝናቡ ጨምሮ ነበር። እኔ ወደ ፍራሼ አልተመለስኩም። ድስቶቹን ሁሉ አወጣሁ፤ ሴቶቹ መጀመሪያ ሊከለክሉኝ ሞከሩ፣ ኋላ እየተቀበሉኝ ደረደሩት። ቁጥሩን ወደ መካከል መለስኩት። በረዶው እስኪለቅ በሩን ከፍቼ ውስጡን በነጠላ ቁራጭ አደረቅሁ። ሶፍት ቆርጬ አስቀመጥኩ። ጎማውን በወረቀት ሞከርኩ፤ ያዘ። ጋሽ ይማም ከወንበራቸው ሆነው የምታደርጊውን ንገሪኝ ሲሉኝ እየሠራሁ ነገርኳቸው። ከዚያ መንገዱን አዳመጥኩ። ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ። ዘሃራ ከጎኔ ነበረች።

ጥሩነሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች። መድኃኒቱን በረዶ በያዘ ፔርሙስ ውስጥ፣ በረዶው እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው። ይህን ማን ነገረሽ አልኳት። ወንድሜ አለች። ዘሃራ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ እጅጌዋን እየመለሰች ነበር። የበሩ ሶፍት አልራሰም። ሞተሩ ቆመ። ያን ጊዜ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ካሳዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት አልፎታል። አሁን እንደገና ሐምሌ ነው። ሱቁን ለባለቤቱ መልሻለሁ፤ ጉልበቴም ወለል ላይ መንበርከክ እምቢ ብሏል። ሴቶቹ ሲመጡ ግን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ አድርቂው። ቁጥሩን አትንኪ። ትኩስ ነገር አትክተቺ። ከላዩ የተነጠፈውን ሁሉ አንሺ። ዝናብ ሲጥል አሁንም ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነው፤ ሲቆም ነው የማርፈው።

ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የዘሃራ መድኃኒት መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከፊት ነው ያለው፤ ጠዋትና ማታ ትመጣለች። በየጠዋቱ ፍሪጁን እከፍታለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣሁ የማን እንደሆነ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እመልሳለሁ፤ በሩን እዘጋለሁ።